ከደመወዙ በፊት የቪዛውን ዓይነት ጠይቂ

ከሐይቅ ጥያቄ ያቀረብሽው እህታችን፣ ሰላም ላንቺና ለቤተሰብሽ ይሁን። ጥያቄሽን ላላነበቡት ባጭሩ ላስቀምጠው፦ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቀሽ ሦስት ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምረሻል፤ አንድ ደላላ ታይላንድ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህርነት ሥራ እንዳለ ነግሮሻል፤ በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ ወረቀቱ እዚያው ይስተካከላል ብሎሻል፤ አንቺም የዕለት ኑሮው ምን እንደሚመስልና እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋሽ ባለመሆኑ ይንቁሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ መምህር ነኝ። ከግንቦት 2009 እስከ መጋቢት 2014 ዓ.ም. ድረስ ከባንኮክ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በናኮን ራቻሲማ፣ ነዋሪዎቿ አሳጥረው ኮራት በሚሏት ከተማ፣ ሕፃናትን እንግሊዝኛ ሳስተምር ቆይቻለሁ። የምጽፍልሽም እዚያ ያየሁትንና የደረሰብኝን ነው።

ስለ አነጋገርሽ የምትጨነቂውን ያህል ስለ ቪዛሽ ዓይነት ብትጨነቂ እመርጣለሁ። በታይላንድ ሕግ በቱሪስት ቪዛ የገባ ሰው ደመወዝ እየተቀበለ መሥራት አይፈቀድለትም። ለመምህር የሚሰጠው «ነን ኢሚግራንት ቢ» የሚባለው ቪዛ ሲሆን፣ በመደበኛው መንገድ የሚጠየቀው ቀጣሪው ትምህርት ቤት ሰነዶቹን ልኮልሽ፣ ገና አገሩ ሳትገቢ ከኤምባሲያቸው ነው። ከገባሽ በኋላ የሥራ ፈቃድ ይወጣልሻል፤ በእኔ ጊዜ እንደ ባንክ ደብተር ያለች ሰማያዊ ደብተር ነበረች፤ የቀጣሪሽ ስም ተጽፎባታልና ከዚያ ውጭ ማስተማር አትችይም። የመምህራን ምክር ቤታቸው በበኩሉ የማስተማር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሙሉው ፈቃድ ለሌለው መምህር ትምህርት ቤቱ ለ2 ዓመት የሚያገለግል ጊዜያዊ ፈቃድ ያስወጣለታል። በየ90 ቀኑም የምትኖሪበትን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለብሽ። ይህ ሁሉ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ታመሽ ሐኪም ቤት መሄድ፣ ያልተከፈለሽን ደመወዝ ደፍሮ መጠየቅ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። የወሰደኝ አገናኝ ድርጅት ያንኑ ላንቺ የተነገረሽን ቃል ነግሮኝ ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ አንድ ቀን ጠዋት፣ የአራተኛ ክፍል ልጆች ፊት ቆሜ የቀናትን ስም እያስደገምኩ ሳለ፣ የቢሮ ሠራተኛዋ መጥታ በእጇ ጠራችኝና በኋላ በር ወስዳ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አስገባችኝ። የኢሚግሬሽን ሰዎች መጥተው ነበር። ኳስና መረብ መካከል፣ የጎማና የላብ ሽታ ባለበት፣ ስልኬን አጥፍቼ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ከቀጭኗ ግድግዳ ወዲያ አስተማሪ አጥተው የቀሩት ልጆቼ «ሰንደይ፣ መንደይ» እያሉ ሲጮኹ ይሰማኝ ነበር። ደሴ ላይ ተማሪዎች ቆመው የሚያከብሩት መምህር የነበርኩ ሰው፣ የዚያን ቀን ሌባ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። በኋላ ወደ ላኦስ ዋና ከተማ ወደ ቪየንቲያን ሄጄ ትክክለኛውን ቪዛ አግኝቼ እስክመለስ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አላገኘሁም፤ የጉዞውንም ወጪ ከደመወዜ ቆረጡት። እኛ ወሎዎች «እዚያ ስትደርሺ ይስተካከላል» የሚለውን ቃል ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በጅቡቲ አድርገው ወደ ዓረብ አገር የሄዱ ስንት የጎረቤት ልጆች በዚህ ቃል ወጥተው ቀርተዋል! መምህር ስለሆንሽና ዲግሪ ስለያዝሽ ቃሉ ለአንቺ የተለየ አይሆንም።

ወደ ዕለት ኑሮው ልለፍ። የትምህርት ዘመናቸው በእኛ ግንቦት ወር ይጀምርና መጋቢት ላይ ያልቃል፤ ጥቅምት አካባቢ አጭር ዕረፍት አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ቆመሽ ልጆቹን ትቀበያለሽ፤ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት መዳፉን ደረቱ ላይ ገጥሞ ጎንበስ ይልልሻል። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሃያና ከዚያ በላይ ክፍለ ጊዜ፣ ከ40 በላይ ልጆች ባሉበት ክፍል፣ ጫማሽን በር ላይ አውልቀሽ ታስተምሪያለሽ። ሙቀቱ ለደሴና ለሐይቅ ሰው ከባድ ነው፤ ባቲ ላይ የሞቀሽን አስቢና ወበቁን ጨምሪበት።

ስለ ንቀቱ የጠየቅሽው እውነት አለበት። ብዙ ማስታወቂያዎች የአፍ መፍቻ ተናጋሪ ብቻ ይፈልጋሉ፤ ለሌላው ሰው ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ይጠየቃል፤ እኔ የተጠየቅሁት ቶይክ ከሚባለው ፈተና ከ990 ነጥብ 600 ነበር። ክፍያውም አንድ አይደለም። እኔ በወር 18,000 ባት (ባት የታይላንድ ገንዘብ ነው) ስጀምር ከእንግሊዝ የመጣው ባልደረባዬ ያንኑ ያህል ክፍለ ጊዜ እያስተማረ 32,000 ይከፈለው ነበር። ይህ ልክ አይደለም፤ አሁንም ልክ ነው ብዬ አላስተምርም። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ስትገቢ ነገሩ ይለወጣል፤ እንግሊዝኛን ከልጅነትሽ ጀምሮ በትግል የተማርሽ መሆንሽ እዚያ ትልቁ ስንቅሽ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ «ሃውስ» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ «ሃው» ብላ ታነባለች፤ «ራይስ» ስትል «ራይ» ብላ ታቆማለች። ባልደረባዬ ስንፍና ይመስለው ነበር። እኔ ግን ማታ ማታ ፊደላቸውን ስማር አንድ ነገር አየሁ፦ በታይ ቋንቋ ቃል በ«ስ» ድምፅ አያልቅም፤ የ«ስ» ፊደል በቃል መጨረሻ ላይ ቢጻፍ እንኳ የሚነበበው እንደ «ት» ነው፤ «ል» ደግሞ መጨረሻ ላይ «ን» ይሆናል፤ «ፉትቦል» «ፉትቦን» የሚሆነው ለዚህ ነው። ልጅቱ ሰነፍ አልነበረችም፤ አፏ ለዚያ ድምፅ በር የለውም። እኔም ልጅ ሆኜ «ስትሪት» ለማለት «እስትሪት» እል እንደነበር፣ «ሺፕ» የሚባሉትን መርከቧንና በጓን በአፌም በጆሮዬም መለየት አቅቶኝ ስንት ጊዜ እንደተገረፍኩ አስታወስኩ። በማግስቱ የራሴን ስሕተቶች ሰሌዳው ላይ ጽፌ የእኛ አማርኛ ምን እንደሚያደርገኝ አሳየኋቸው። ከዚያም ልጅቱ መዳፏን ከከንፈሯ ፊት እንድታደርግ ነገርኳትና «ሃው» ብላ ስትጨርስ አየር እንደምትተነፍስ ጎማ «ስስስ» እንድትል አደረግኋት። ትንፋሿ መዳፏን ሲነካት ዓይኗ ፈካ። ሦስት ሳምንት ፈጅቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያቺን «ስ» አልዘነጋቻትም። ይህን ዓይነቱን ማየት የሚችለው ቋንቋውን እንደ ዳገት የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ወላጅ «ከየት ነሽ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ከኢትዮጵያ ነኝ ለማለት አትፈሪ፤ አንዳንድ አገናኞች ሌላ አገር ጥሪ ይሉሻል፤ እምቢ በይ።

መምህርን ማክበራቸው ያጽናናሻል። ዓመቱ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ቀን፣ «ዋይ ክሩ» የሚሉት የመምህር ክብር ቀን አለ። ልጆቹ ተንበርክከው እየተጠጉ በጎድጓዳ ሳህን ያሰናዱትን አበባ ያበረክታሉ፤ ከአበባው መካከል የደበርጃን አበባ ይገኛል፤ ወደ ታች ስለሚያጎነብስ የትሕትና ምልክት ነው ብለው ነው። መጀመሪያ ጊዜ ሲንበረከኩልኝ ተነሥቼ ላነሣቸው ሞክሬ ጎኔ የነበረችው መምህርት እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። የኔታ ፊት ፊደል የቆጠረም፣ ሸኾች ፊት ቁርአን የቀራም የወሎ ሰው ይህን ስሜት ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ምግብ እንዳሰብሽው አያስቸግርሽም። በዚያ አካባቢ የሚጣበቅ ሩዝ ይበላል፤ በእጅ ተድቦልቡሎ እየተጠቀሰ፣ ከአንድ ማዕድ በጋራ ይበላል፤ ከእንጀራ ቤት ለወጣ ሰው እንግድነት የለውም። የአሳማ ሥጋ ግን በትምህርት ቤት ምሳ ላይ የተለመደ ስለሆነ እስላምም ሁኚ ክርስቲያን አስቀድመሽ ተናገሪ። ሙስሊም ከሆንሽ የሐላል ምልክት ያለበትን ሱቅ ፈልጊ። ጾመኛ ከሆንሽ ቢጫ ሰሌዳ ላይ በቀይ የተጻፈ «ጄ» የሚል ምልክት ያለበት ቤት ሥጋም ወተትም እንቁላልም የሌለበት ምግብ ያቀርባል፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ሁለተኛው ዓመት ላይ መሆኑ ይቆጨኛል። ቡና ከቤት ይዘሽ ሂጂ፤ ጀበናም ቢሆን በልብስ ጠቅልለሽ ከመያዝ አትቦዝኚ።

አንድ ያስደሰተኝን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እኛ እንደምንለው እነሱም በንግግራቸው «ኑንግ ቱም»፣ አንድ ሰዓት፣ ይላሉ፤ ሁለትም ሦስትም እንዲሁ። የዘመን አቈጣጠራቸው ደግሞ ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ስለሚቀድም ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት 550 ወይም 551 ይሆናል። ኮራት ላይ 2560 ብለው የጻፉበትን ዓመት እናቴ ደሴ ላይ 2009 ትለው ነበር።

ከእናቴ ጋር የምንነጋገረው በእኛ አቆጣጠር በእነርሱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደሴ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ቡና ሲፈላ ነበር፤ ልዩነቱ አራት ሰዓት ነውና። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ግን ስልኩ ጠፋ። ከአንድ ወር በላይ የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ ጠዋት እየተነሣሁ ክፍል ገባሁ፤ «ማዘር፣ ፋዘር» የሚለውን ምዕራፍ ያስተማርኩት በዚያው ወር ነው። በዚያን ጊዜ ያቆሙኝ አብረውኝ የሚያስተምሩ ከፊሊፒንስ የመጡ መምህራት ናቸው፤ ሳይጠሩ መጥተው አብስለው ያበሉኝ ነበር። በታይላንድ ትምህርት ቤቶች እነሱን በብዛት ታገኛቸዋለሽ፤ ቤት ከመከራየት ጀምሮ የሴት ነገርን ሁሉ ከእኔ ይልቅ እነሱ ይነግሩሻልና ቅረቢያቸው።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ላስረዳሽ። ከ18,000 ባት 4,000 ለቤት ኪራይ ይሄድ ነበር፤ ከምግብና ከመጓጓዣ በኋላ ወደ ቤት የምልከው ከሲሶ አይበልጥም። ብዙ አገናኞች ውሉን የ10 ወር አድርገው የሁለቱን የዕረፍት ወራት ደመወዝ አይከፍሉም፤ ውሉ ላይ ስንት ወር እንደተጻፈ ቁጠሪ። ቀጥታ የሚቀጥርሽ ትምህርት ቤት ካገኘሽ ከአገናኙ ይሻላል።

እስከዚያው ዲግሪሽንና ትራንስክሪፕትሽን አረጋግጠሽ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስመስክሪ፤ የአሻራ ውጤት አውጪ፤ ዲግሪሽ የመምህርነት ሙያን የማይጨምር ከሆነና ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. የሚባለውን ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የመምህርነት ዲፕሎማ የተማርሽ ከሆነ ያንንም ጨምሪ፤ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ውጤት በእጅሽ ያዢ። ደላላው የሰጠሽ ውል ካለ ስምሽንና የፓስፖርት ቁጥርሽን ሸፍነሽ ፎቶውን በግል ላኪልኝ። ማታ ማታ ከቡና በኋላ አነበዋለሁ፤ የቀጣሪው ትምህርት ቤት ስም የሌለበት ከሆነ ግን ገና ምንም ብር እንዳትከፍዪ።