አጥር የሌለው የማሰልጠኛ ሜዳና የጂኦካሽ ሣጥን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የምንኖር ጓደኛሞች ነን። ጂኦካሽ የሚባለውን ጨዋታ ጀምረናል፤ ትንሽ ሣጥን ደብቀን የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር አፕ ላይ እንጭናለን፣ ሌሎች ይፈልጉታል። ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ የመከላከያ ማሰልጠኛ ሜዳ አለ። አጥር የለውም፣ እረኞችም ከብት ይነዱበታል። መሬት ደግሞ የሕዝብ ነው። እዚያ ብንደብቅ ያስጠይቀናል?

መልስ፦ አዎ፣ ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። ሳይፈቀድላችሁ እንዳትሞክሩት።

“መሬት የሕዝብ ነው” ያላችሁት ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመጣ ነው። ልክ ናችሁ፣ የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይዞታ ግን ሌላ ነገር ነው። የጎረቤታችሁ ጓሮም መሬቱ የሕዝብ ነው፤ ዘላችሁ ግን አትገቡም። የማሰልጠኛው ይዞታ የመከላከያ ነው። ያለፈቃድ ወደ ተከለለ ቦታ መግባት ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ያስከስሳል። አጥር ባይኖርም የማስጠንቀቂያ ምልክት ወይም “ተመለሱ” የሚል ጥበቃ ካለ፣ አላወቅንም ብሎ መከራከር ከባድ ነው። እረኞቹ ከካምፑ ጋር ተግባብተው ይሆናል። የእነሱ መግባት ለእናንተ ፈቃድ አይሆንም።

እኔን ግን ከክሱ በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ተኩስ የሚለማመዱበት መሬት ላይ ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊቀር ይችላል። ሣጥን ፍለጋ ማለት ድንጋይ ማንሳት፣ ቁጥቋጦ መግለጥ ነው። እናንተ ቦታውን ታውቁት ይሆናል፤ ቁጥሩን አይቶ የሚመጣው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አያውቀውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ መካስ አለበት። ልጁን እዚያ ያደረሰው የእናንተ ቁጥር ነው።

ሣጥኑም ራሱ አደጋ አለው። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎች ውሃ ስለማያስገባ አሮጌ የጥይት ሣጥን ይጠቀማሉ። እዚህ ካምፕ አጠገብ ድንጋይ ሥር የተገኘ የብረት ሣጥን ምን እንደሚመስል አስቡት። ከተፈቀደላችሁ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ይሁን፤ ምን እንደሆነና ስልካችሁን በአማርኛና በሲዳምኛ ጻፉበት። ቆፍሮ መቅበር ደግሞ ባለይዞታው ለይቶ ካልፈቀደ በስተቀር በጨዋታው ደንብም ክልክል ነው።

እንግሊዝ አገር ሳልዝበሪ የሚባል የጦር ማሰልጠኛ ሜዳ ላይ ሕዝቡ በተፈቀዱ መንገዶች ያልፋል፣ ተኩስ ሲኖር ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል። የዚያ አገር ሰው ሣጥን ሲያስቀምጥ አይታችሁ ከሆነ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ነው። እዚህ ባንዲራ አላያችሁም ማለት ተኩስ የለም ማለት አይደለም።

ፈቃዱን የሚሰጠው ቦታውን የያዘው ክፍል አዛዥ ነው፣ በጽሑፍ። የቀበሌ ደብዳቤ አይተካውም። የምታውቁት ወታደር “ችግር የለውም” ቢላችሁም እሱ ፈቃድ አይደለም። ማመልከቻችሁ ላይ ትክክለኛ ቦታውን፣ የሣጥኑን ፎቶ፣ ፈላጊዎች በየትኛው ቀንና ሰዓት መምጣት እንደሚችሉ አስፍሩ። የካምፑን ፎቶ ግን እንዳታነሱ። መልስ ካልመጣ እንደተከለከላችሁ ቁጠሩት።

እኔ ብሆን ታቦር ተራራን ወይም የሐይቁን ዳር እመርጥ ነበር። እዚያም ቢሆን ቦታውን የሚያስተዳድረውን አካል ጠይቁ።

ሣጥኑን ቀድማችሁ አስቀምጣችሁት ከሆነ ደግሞ ልታወጡት ተመልሳችሁ አትግቡ። ቁጥሩን ዛሬውኑ ከአፑ ላይ አንሱ። ከዚያ ካምፑ በር ላይ ላለው ጥበቃ ወይም ለፖሊስ ሄዳችሁ በግልጽ ንገሩ፤ እነሱ ያውጡት።