ከሐዋሳ ቦሌ፦ በአውሮፕላን ወይስ በመኪና?

እህታችን፣ ጥያቄሽ «ኢንተርኔት ላይ ከሐዋሳ አዲስ አበባ አንዱ 215፣ ሌላው 275 ኪሎ ሜትር ይላል፤ የቱ ነው ትክክል? ማታ 5 ሰዓት ከቦሌ ወደ ዱባይ በረራ አለኝ፤ በምን ልሂድ?» የሚል ነው።

ሁለቱም ልክ ናቸው። 215 ገደማ የሚሆነው በአየር ቀጥታ ሲለካ ነው። አስፋልቱ ግን በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነገሌና በባቱ አድርጎ ወደ ምሥራቅ ሞጆ ድረስ ይሄድና ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ስለሚታጠፍ 275 ይደርሳል።

በዚህ መስመር በብዛት የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 ነው። ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ በስሌት 20 ደቂቃ ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው ጉዞ መውጣትና መውረድ ነው። ትኬት ላይ 40 ደቂቃ ገደማ የሚጻፈው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ ቦሌ እስኪቆም ያለው ጊዜ ተቆጥሮ ነው።

ለውሳኔሽ ግን ከቤት እስከ ቦሌ ያለውን ቁጠሪ። የሐዋሳ ኤርፖርት ከሐይቁ ማዶ ስለሆነ ከከተማው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያዢ፣ ከበረራው በፊት 2 ሰዓት፣ ቦሌ ሻንጣ መጠበቂያም ጨምሪ፤ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። መኪና ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ልዩነቱ እንደሚባለው ብዙ አይደለም።

በመኪና ከሆነ ጊዜ የሚበላው የመጀመሪያው ግማሽ ነው፦ ሻሸመኔ ከተማ ውስጥ ባጃጁና ጋሪው፣ ከዚያ መንገድ የሚያቋርጡ ከብቶች። ከባቱ እስከ ሞጆ ያለው 93 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ ሲገባ እፎይ ይባላል። ዋናው ወጥመድ መጨረሻው ላይ ነው። ከሐዋሳ በ7 ሰዓት ብትነሺ አዲስ አበባ የምትገቢው ሠራተኛ በሚወጣበት በ11 እና በ12 ሰዓት መካከል ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ያለችው አጭር መንገድ ያን ጊዜ ታስጨንቃለች። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተነሺ፤ ጎማ ቢፈነዳ እንኳ የሚተርፍ ሰዓት ይኖርሻል። ቦሌ ከማታው 2 ሰዓት በፊት መገኘት አለብሽ።

በአውሮፕላን ከሆነ ከሐዋሳ ዱባይ በአንድ ትኬት ይቆረጥልሽ። ለየብቻ ከገዛሽ የሐዋሳው በረራ ቢዘገይና የዱባዩ ቢያመልጥሽ ኪሳራው የራስሽ ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን ሌላ በረራ ላይ ማስያዝ የአየር መንገዱ ኃላፊነት ይሆናል። በክረምት ጠዋት ጠዋት ቦሌን ጉም ሲሸፍነው በረራ ስለሚዘገይ በጣም የተጠጋ ግንኙነት አትምረጪ። ለእኔ በአንድ ትኬት ካገኘሽው አውሮፕላኑ ይሻላል፤ ካላገኘሽ መኪናው።

ሰዓቱን ደግሞ ደጋግመሽ እይ። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፦ 07:00 ጠዋት 1 ሰዓት፣ 19:00 ማታ 1 ሰዓት፣ ያንቺው 23:00። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባለው በረራ ነው፤ ረቡዕ 00:30 የሚል ትኬት በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ረቡዕ ማታ የሄደ ሰው አውሮፕላኑን አያገኘውም።

ሐዋሳ ሻንጣሽን ስታስረክቢ እጀታው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት አንብቢው። የመጨረሻ መድረሻው «ዲኤክስቢ» (DXB፣ የዱባይ ኮድ) ከሆነ ዱባይ ነው የምትቀበዪው። «ኤዲዲ» (ADD፣ የአዲስ አበባ ኮድ) ብቻ ከሆነ ቦሌ ተቀብለሽ እንደገና ማስረከብ አለብሽ፤ እዚያው ሳለሽ ጠይቂና አስተካክዪ።