የእንቅልፍ ከረሜላዬን ይዤ ድንበር ብሻገርስ?

ጥያቄ፦ እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ቆይቷል። ጓደኛዬ ሲቢኤን ያለበት ጄሊ ከረሜላ ሰጠችኝና እሱን መውሰድ ጀመርኩ። ማሸጊያው ላይ «ከሄምፕ የተሠራ፣ በሕግ የተፈቀደ» ይላል። በምኖርበት ሀገር በግልጽ ይሸጣል። በቅርቡ ለሥራ ወደ ሌላ ሀገር እሄዳለሁ፤ አዲሱ መሥሪያ ቤትም የሽንት ምርመራ ይጠይቃል። ይዤው ብሄድ ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው። ይዘውት አይሂዱ። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት።

ሲቢኤን ሙሉ ስሙ ካናቢኖል ነው። ቲኤችሲ የሚባለው የካናቢስ ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር አየርና ብርሃን ነክቶት ሲያረጅ ወደ ሲቢኤን ይለወጣል። ማሸጊያው ላይ የተጠቀሰው ሄምፕም ያው ካናቢስ ነው፤ ቲኤችሲው ጥቂት የሆነው ዓይነት። ትኩስ ተክል ላይ እምብዛም የለም፤ የከረመው ላይ ግን ይበዛል። አእምሮ ላይ ያለው ኃይል ከቲኤችሲ በጣም የደከመ ነው። ደከመ እንጂ ጠፋ ግን አልተባለም። በሕግ በኩል ጣጣውን የምታመጣው ይህችው ጥቂት ኃይል ናት።

ወደ ዓለም አቀፉ ሕግ እንምጣ። እ.ኤ.አ. የ1961 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ካናቢስን፣ ሙጫውንና ከካናቢስ ተጨምቆ የሚወጣውን ሁሉ ይቆጣጠራል። የ1971ዱ ደግሞ ቲኤችሲን በስሙ ይጠራዋል። ሲቢኤን በስሙ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የለም። ሻጮች እዚህ ላይ ያቆሙና «ስሙ የለም፣ ስለዚህ ተፈቅዷል» ይላሉ። ቀጥለው ማንበብ ነበረባቸው። ሲቢኤኑ የተገኘው ቁጥጥር ከሚደረግበት የተክሉ አበባ ከሆነ በበር የተባረረው በመስኮት ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 የሰጠውን ውሳኔ የሚጠቅሱም አሉ። ፍርድ ቤቱ ሲቢዲ የተባለው ሌላ የካናቢስ ንጥረ ነገር በ1961ዱ ስምምነት አደንዛዥ ዕፅ አይደለም ብሏል። ምክንያቱን ግን ልብ ይበሉ። ቃሉን በቃሉ ቢተረጉሙት ሲቢዲም ይካተት ነበር። ያዳነው በወቅቱ በነበረው ሳይንሳዊ ዕውቀት አእምሮ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ የለም መባሉ ነው። ሲቢኤን ደግሞ መጠነኛ ተጽዕኖ አለው። እኔ ብሆን ደንበኛዬን በዚህ ውሳኔ ብቻ ተማምኜ ፍርድ ቤት አላቆምም።

ሀገራት በየራሳቸው ሕግ ከስምምነቶቹ በላይ ማጥበቅ ይችላሉ፤ አጥብቀዋልም። በእንግሊዝ ካናቢኖል በስሙ ተጠቅሶ የተከለከለ ነው፤ ምድቡ ክላስ ቢ፣ ማለትም ከሦስቱ የክብደት ደረጃዎች መካከለኛው ነው። ይዞ መገኘት ብቻውን እስከ 5 ዓመት እስር ሊያስፈርድ ይችላል። ሲንጋፖር ደግሞ ይብሳል። ሕጓ «የካናቢስ ድብልቅ» የሚለውን ሲተረጉም ቲኤችሲና ካናቢኖል በማንኛውም መጠን ያሉበት የዕፅዋት ድብልቅ ይላል። «በማንኛውም መጠን» የሚለውን ደግመው ያንብቡት። አሜሪካ ሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የግብርና ሕግ ቲኤችሲው ከ0.3 በመቶ የማይበልጥ ሄምፕንና ከሱ የሚገኘውን ከፌዴራል የማሪዋና ትርጉም አወጣ። በዚህ ሕግ ሲቢኤን ከሄምፕ ከመጣ ከትርጉሙ ውጭ ነው፤ ከማሪዋና ከመጣ ግን ያው የተከለከለ ነው። ንጥረ ነገሩ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት! ግዛቶችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ደግሞ ኮንግረሱ የሄምፕን ትርጉም የሚያጠብ ሕግ አውጥቷል።

ስለዚህ «በሕግ የተፈቀደ» የሚለው ጽሑፍ የሻጩ ቃል ነው። ቢበዛ እርስዎ በገዙበት ቦታ ይሠራል። የመዳረሻው ሀገር ጉምሩክ የሚያየው የራሱን ሕግ ነው፤ አውሮፕላን የሚቀይሩበት ሀገርም እንዲሁ። «አላወቅኩም» ማለት ቅጣት ያቀልልዎት ይሆናል እንጂ ነፃ ያወጣኛል ብለው አይተማመኑበት። በፖስታ ማስላክማ ጭራሽ አይታሰብም። ይዞ መገኘት የነበረው ወደ ሀገር ማስገባት ወደሚባል ከባድ ክስ ሊያድግ ይችላል።

የላብራቶሪ ወረቀት አለኝ ይሉ ይሆናል። ጥሩ ነው፤ ግን ወረቀቱ ስለ ይዘቱ ይናገራል እንጂ የተከለከለውን አይፈቅድም። በዚያ ላይ ማሸጊያውና በውስጡ ያለው የማይገጥምበት ጊዜ አለ። ቲኤችሲ ትንሽ ቢቀላቀልበት ሁሉም ነገር ይቀየራል።

የሽንት ምርመራውን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ ሲቢኤንን ከቲኤችሲ ላይለይ ይችላል። ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ካለ የማረጋገጫ ምርመራ እንዲደረግልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። እሱ ንጥረ ነገሮቹን አንድ በአንድ ይለያል። ነገር ግን የተፈቀደ ነገር መውሰድና የቅጥር ውል መጣስ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ውሉ ማንኛውንም የካናቢስ ውጤት ከከለከለ ሄምፕ መሆኑ ላያድንዎት ይችላል። ሳይፈርሙ በፊት ያንን አንቀጽ ይፈልጉ። መውሰዱንም ከአሁኑ ያቁሙ፤ ከምርመራው ባሻገር፣ በአንዳንድ ሀገር በሰውነት ውስጥ መገኘቱ ራሱ ያስከስሳል። እግረ መንገዴን፣ ስፖርተኛ የሆኑ አንባቢዎችም ይጠንቀቁ፤ በፀረ አበረታች መድኃኒቶች ሕግ በውድድር ወቅት ከሲቢዲ በቀር ካናቢኖይዶች (እንደ ቲኤችሲና ሲቢኤን ያሉ ንጥረ ነገሮች) የተከለከሉ ናቸው።

ለእንቅልፉ ሐኪም ያማክሩ። ሐኪሙ የሚያዝልዎትን መድኃኒት፣ ማዘዣውን ጨምረው፣ ወደሚሄዱበት ሀገር ማስገባት ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ኤምባሲውን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ምናልባት ሻንጣ ውስጥ ተረስቶ ድንበር ላይ ቢገኝብዎ «ከረሜላ ነው» ብለው ለመከራከር አይቸኩሉ። ጠበቃና አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ኤምባሲዎ እንዲያውቅ ያድርጉ፣ በማይረዱት ቋንቋ የተጻፈ ቃልም አይፈርሙ።