ኤች ፓይሎሪ ቤት ሲገባ ማዕድ ይለያል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጨጓራውን ሲያመው ከርሞ በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘበት። አማቴ ይህን እንደሰሙ ሳህንና ብርጭቆውን ለዩበት። ማታ እኛ ከአንድ ትሪ ስንበላ እሱ ጥግ ይዞ ለብቻው ሲቆርስ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። ጉርሻም ቀረ። የ9 ወር ልጅ አለችን። ምን ይሻላል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ሳህኑን አንሺና ወደ ትሪው መልሺው። አማትሽን ግን አትቀየሚያቸው፤ ባክቴሪያው በእርግጥም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። መንገዱ አፍ ነው፦ ትውከት፣ ምራቅ፣ ሰገራ የነካው እጅ ወይም ውሃ። አብዛኛው ሰው ግን የሚይዘው በልጅነቱ፣ እዚያው ቤተሰቡ ውስጥ ነው። ባልሽም አንቺን ሳያውቅሽ በፊት ይዞት የኖረ ሊሆን ይችላል። ስንት ዓመት ስትጎራረሱ ከርማችሁ ዛሬ ሳህን መለየት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ደግሞ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ባክቴሪያ አለመለዋወጥ አይቻልም። በ2023 በጣሊያኑ ትሬንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት የወጣ ጥናት ከ9,000 በላይ የሰገራና የምራቅ ናሙናዎችን አይቷል። አብረው የሚኖሩ ሰዎች ሁለቱም አንጀት ውስጥ ካሉት የባክቴሪያ ዝርያዎች 12 በመቶ ያህሉ ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ፤ የአፍ ሲሆን 32 በመቶ። እናትና ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ ጋ ደግሞ ግማሽ ይደርሳል። አብዛኛው ጉዳት የሌለው፣ ለሕፃን እንዲያውም የሚጠቅም ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ትሪው ሳይሆን ትንሿ ልጅሽ ናት። ምግብ አኝኮ ማጉረስ፣ ማንኪያዋን በአፍ ቀምሶ መልሶ ለእሷ መስጠት ይቅር፤ አባትም ያድርገው አያትም፣ አንቺም ጭምር። ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣና ዳይፐር ሲቀየር እጅ በሳሙና ይታጠብ። ከማዕድ በፊት ለወጉ ያህል ውሃ ብቻ ጠብ የምታደርጉ ከሆነም ሳሙናውን ጨምሩበት፣ ጉርሻውም ይቀጥል።

ባልሽ መድኃኒቱን (ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው) "ሻል ብሎኛል" ብሎ በአምስተኛው ቀን እንዳይተወው። ሲጨርስ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ይመርመር። ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙን አማክሮ ከዚህ ምርመራ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ያቁም፣ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ "የለም" ሊባል ይችላል። በደም ምርመራ ግን አይሞኝ፤ ከዳነም በኋላ ገና "አለብህ" ሊለው ይችላል።