አረንጓዴው አያታልላችሁ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ጂኦግራፊ፣ ግብርና፣ ምህንድስና ወይም የከተማ ፕላን ለምትማሩ ልጆች ነው። ነገ ከነገ ወዲያ በሰው መሬት ላይ ውሳኔ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአፈርና በውሃ ሥራ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ። ስለዚህ ትንሽ ላውራችሁ።

ሐሩር ክልል የምንለው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ግድም የተዘረጋውን የምድር ክፍል ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ሙቀት፣ ዝናብና ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ካርታው ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ ስናየው ደግሞ ለም ይመስለናል። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ያለን ቦታ ለማወቅ ኬክሮሱ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በዲግሪ ያለው ርቀት፣ ብቻውን የሚነግራችሁ ነገር ጥቂት ነው። ምን ያህል ከፍ ይላል? ነፋሱ ከየት ይመጣል? አፈሩ ከምን ድንጋይ ወጣ? እነዚህን ሳትጠይቁ ዕቅድ አትጻፉ።

ከከፍታው እንጀምር። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ከምድር ወገብ ያላት ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሹራብ የማያስፈልግበት ምሽት ጥቂት ነው። የብራዚሏ ማናውስም ከምድር ወገብ ሩቅ አይደለችም፤ 3 ዲግሪ ደቡብ ላይ ናት። እሷ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳን አትሞላም፤ እዚያ ሌሊትም ያልባል። በአማካይ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር አየሩ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል። ሌላ ቦታ የአየር ጠባይ ለመቀየር በአውሮፕላን ትሄዳላችሁ። ሐሩር ክልል ውስጥ ግን ግማሽ ቀን ዳገት መውጣት ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። በምድር ወገብ አካባቢ ከወር ወር ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው። የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ይበልጠዋል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች አናት ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ሌሊት ውርጩ ይወርዳል። ለእኔና ለእናንተ ይህ የማይኖርበት አገር ነው። የዚያ ገበሬ ግን ውርጩን ሥራ ሰጠው። ድንቹን ሜዳ ላይ ዘርግቶ ሌሊት ውርጭ ያስመታዋል። ቀን በእግሩ እየረገጠ ውሃውን ያወጣል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። እንዲህ የደረቀ ድንች ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። የኢንካ መንግሥትም እንዲህ ያለውን ስንቅ በጎተራ ያከማች ነበር።

ከፍታ በሽታንም ይመራል። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል። ብርድ ሲሆን ዕድገቱ ይጓተትና ትንኟ ቀድማ ትሞታለች። ደጋ የሰፈረ ሕዝብ ለዘመናት የተጠበቀው በዚህ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኢትዮጵያና ኮሎምቢያ ውስጥ ሞቃት ዓመት ሲመጣ ወባው ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል። የጤና ተቋም የምትገነቡ ልጆች፣ ይህቺን ያዟት። ትናንት ወባ የማያውቀው ቀበሌ ነገ ላያመልጥ ይችላል።

የቆላ ዝንብ ታሪክ ደግሞ አለላችሁ። በሞቃታማውና እርጥበት በሚበዛው የአፍሪካ ክፍል ይህች ዝንብ የምታስተላልፈው ገንዲ የሚባል በሽታ ከብቱን ይጨርሳል። ከብት የማይኖርበት አገር በሬ አይጠመድም። እርሻው በመቆፈሪያ ነው፤ ሸክሙም በሰው ራስ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ግን ለዝንቧ ስለማይመች በሬ ጠምዶ ማረስ ሥር ሰደደ። አንዳንዱ ሰው ታዲያ «እነዚያ ለምን ማረሻ አልያዙም?» ብሎ ስለ ሕዝብ ባህርይ ሊያስተምራችሁ ይሞክራል። ዝም ብላችሁ ስለ ዝንቧ ጠይቁት።

ወደ ነፋሱ ልውሰዳችሁ። ህንድ ውስጥ ምዕራባዊ ጋትስ የሚባሉ ተራሮች ባሕሩን ተከትለው እንደ አጥር ቆመዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከዓረቢያ ባሕር እርጥብ ነፋስ ይመጣና ይጋጫቸዋል። አየሩ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የያዘውን ውሃ እዚያው ይዘረግፋል። ተራራው ላይ ያለችው ማሃባሌሽዋር በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ከጀርባው ያለችው ፑኔ 100 ኪሎ ሜትር እንኳን አትርቅም፤ የምታገኘው ግን 700 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። አንድ ወቅት፣ አንድ ነፋስ፣ ሁለት ዓለም። በዚህኛው ወገን የተሳካ የእርሻ ፓኬጅ በዚያኛው ወገን ቢከሽፍ ገበሬውን ሰነፍ አትበሉት።

ተራራ ብቻም አይደለም። የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ 12 ዲግሪ ደቡብ ላይ፣ ባሕር ዳር ናት። ዝናብ ግን የላትም ማለት ይቻላል። ሃምቦልት የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ አየሩን ከታች ስለሚያቀዘቅዘው ወደ ላይ ተነስቶ ዝናብ መሆን አይችልም። ጭጋግ ብቻ ነው የሚሆነው። 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በረሃ ላይ ተቀምጦ ከአንዲስ በሚወርድ ወንዝ ይኖራል። ያው ቀዝቃዛ ውሃ ግን ከባሕሩ ጥልቅ ምግብ እያወጣ ዓሣውን ያበዛዋል። በየጥቂት ዓመቱ ኤልኒኞ ሲመጣ ባሕሩ ይሞቅና ሁሉም ይገለበጣል። ዓሣው ይሸሻል፤ በረሃው ላይ ጎርፍ ይወርዳል። በ1997 እና 1998 እ.ኤ.አ. የሆነው ይህ ነው። ድርቁን ብቻ አስቦ የተሠራ ድልድይ ያኔ የት ይገባል?

ስለ ዝናብ አንዲት ምክር ብቻ ልጨምር። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለዚህ ነው በምድር ወገብ አጠገብ ብዙ ቦታ ሁለት የዝናብ ወቅት የሚኖረው፤ ራቅ ሲባል ደግሞ አንድ። ሪፖርት ላይ «አማካይ ዓመታዊ ዝናብ» የሚል ቁጥር ስታዩ አትርኩ። ገበሬውን የሚያሳስበው መቼ እንደሚጀምር፣ መሃል ላይ ለስንት ቀን እንደሚጠፋና መቼ እንደሚቆም ነው። የየቀኑን መዝገብ ጠይቁ። «የለም» ከተባላችሁ ዝናብ መለኪያ ትከሉ። ዕቃው ውድ አይደለም፤ የሚጠፋው በየጠዋቱ ሄዶ የሚያነበው ሰው ነው።

አሁን ወደምወደው፣ ወደ አፈሩ። የአማዞን ደን ውስጥ ገብታችሁ ጉድጓድ ብትቆፍሩ ምን ታያላችሁ? ላይ ላዩን የረገፈ ቅጠል አለ፤ ውፍረቱ ከጣት አይበልጥም። ቅጠሉን ገለጥ ስታደርጉት ቀጫጭን ሥሮች እንደ መረብ ተጠላልፈው ታገኛላችሁ። ነጫጭ የፈንገስ ክሮችም ቅጠሉ ላይ ተጣብቀዋል። ብዙዎቹ ሥሮች ወደ ታች አይወርዱም፤ ወደ ጎን ነው የሚሄዱት። ከዚያ በታች ቀይ ወይም ቢጫ ሸክላ አፈር ነው፤ ብትቆፍሩ ብትቆፍሩ ያው ነው። ያ አፈር በሚሊዮን ዓመታት ዝናብ ታጥቦ ያለቀ ነው። ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ ሄዷል። የቀረው በአመዛኙ ብረትና አሉሚኒየም ነው። ያ ሁሉ ግዙፍ ዛፍ ታዲያ ምን በልቶ ቆመ? ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። ቅጠሉ ረግፎ እየበሰበሰ ሳለ ሥሩ ይቀበለዋል። ቁጠባው ያለው ግንዱና ቅርንጫፉ ላይ ነው።

ይህን ያልተረዳ ሰው ደኑን መንጥሮ ያቃጥላል። አመዱ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ጥሩ ምርት ይሰጠዋል። ከዚያ ዝናቡ አመዱን ያጥባል፤ ፀሐዩ አፈሩን ያደርቃል፤ ምርቱም ይወርዳል። የዱሮ ነዋሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ትንሽ መሬት አርሰው ይለቁና ደኑ እስኪመለስ ዓመታት ይጠብቁ ነበር። አካሄዳቸውን «ኋላ ቀር» ያሉት ሰዎች በትራክተር መጥተው ምን ትተው እንደሄዱ ከሳተላይት ፎቶ ማየት ትችላላችሁ።

አማዞን ከሰሃራም ይበላል ብላችሁ ታምናላችሁ? ቻድ ውስጥ ቦዴሌ የሚባል የደረቀ የጥንት ሐይቅ ወለል አለ። ነፋስ አቧራውን እያነሳ አትላንቲክን ያሻግረዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. በሳተላይት መረጃ የወጣ ጥናት በአማካይ በዓመት 27.7 ሚሊዮን ቶን የሰሃራ አቧራ አማዞን ላይ እንደሚያርፍ አስልቷል። በውስጡ 22,000 ቶን ያህል ፎስፈረስ አለ። ዝናብና ጎርፍ በየዓመቱ ከደኑ ከሚያጥቡት ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። አንዱ ጋ ያለው ባዶ በረሃ ሌላው ጋ ማዳበሪያ ነው።

ሰውም የራሱን አድርጓል። በዚያው በደካማው አፈር መሃል እዚህም እዚያም ጥቁር፣ ለም መሬት ይገኛል። የጥንት ነዋሪዎች ከሰል፣ አጥንት፣ የምግብ ትራፊና ቆሻሻ ሲቀላቅሉበት የኖሩበት ቦታ ነው። ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውም አሁንም ያበቅላል። እኔ በሙያዬ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰተኝ የለም። «አፈሩ አይሆንም» የሚል ባለሙያ ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያሉትን ጃቫንና ቦርንዮን አስተያዩልኝ። ሁለቱም ጎረቤት ደሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም በምድር ወገብ አካባቢ ናቸው። ቦርንዮ በስፋት ጃቫን ከአምስት እጥፍ በላይ ታስከነዳለች። ሕዝቧ ግን 30 ሚሊዮን አይደርስም። በጃቫ በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ የተገኘው ከ151 ሚሊዮን በላይ ነው። ታሪክና ፖለቲካም ድርሻ አላቸው፤ ግን ሥሩ አፈሩ ነው። ጃቫ በእሳተ ገሞራ የተሞላች ናት። ተራራው በፈነዳ ቁጥር አዲስ ማዕድን የያዘ አመድ ይበትናል። ቦርንዮ ደግሞ አፈሯን የሚያድስ እንዲህ ያለ እሳተ ገሞራ የላትም። በ2010 እ.ኤ.አ. ሜራፒ የተባለው የጃቫ ተራራ ፈንድቶ ከ350 በላይ ሰዎችን ገደለ። ብዙ ሰው ግን ተመልሶ እዚያው አረሰ። ይህን ሞኝነት ለማለት አትቸኩሉ። የሚያበላቸውም የሚገድላቸውም አንድ ተራራ ነው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ማስጠንቀቂያው ቶሎ እንዲደርስና መሸሻ መንገዱ ክፍት እንዲሆን ነው።

ስለ ሀብት ብዙ አልልም። ኮንጎ ወንዝ ከምድር ወገብ ሰሜንም ደቡብም ስለሚሰበስብ አንዱ ጋ ሲደርቅ ሌላው ጋ ይዘንባል፤ ፍሰቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይዋዥቅም። ኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ውስጥ ኢንጋ የሚባል ቦታ ላይ ሲደርስ በአጭር ርቀት 100 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁል ይወርዳል። ከ40,000 ሜጋ ዋት በላይ ሊሰጥ እንደሚችል ይገመታል። እስካሁን የተተከሉት ሁለቱ ግድቦች ግን ተደምረው 1,800 ሜጋ ዋት አይሞሉም። በ1972 እና በ1982 እ.ኤ.አ. ነው የተመረቁት። ከዚያ ወዲህ ወንዙ አልጎደለም። ብዙው የአገሩ ሕዝብ ግን ዛሬም መብራት የለውም። ሲንጋፖር ደግሞ ከምድር ወገብ 1 ዲግሪ ላይ ያለች ደሴት ናት፤ የመጠጥ ውሃ ሳይቀር ከማሌዥያ ትገዛለች። የነበራት መርከብ የሚያልፍበት ጥሩ ቦታ ነው፤ በእሱ ሠራችበት። እንግዲህ «የተፈጥሮ ሀብት አለን» እያለ የሚፎክር ሰው ሲገጥማችሁ «ምን አደረጋችሁበት?» ማለት ይቻላል።

ቁልቁለት ላይ ስለሚሠራ ቤት ግን ሳልናገር አላልፍም። ፍሪታውን፣ የሴራሊዮን ዋና ከተማ፣ በተራራና በባሕር መካከል የተጨናነቀች ናት። ሜዳው ሲያልቅ ሰው ደኑን እየመነጠረ ሽቅብ ወጣ። ኦገስት 14 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ለቀናት ከወረደ ዝናብ በኋላ ተራራው ጠዋት ላይ ተናደ። ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም የገቡበት ጠፋ። እንዲህ ያለ ቦታ ስትሄዱ ምልክቱን ፈልጉ። ግንዳቸው የጎበጠ ወይም ያዘመሙ ዛፎች፣ ቁልቁለቱን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ትናንት ያልነበረ ምንጭ፣ በሩ አልዘጋ ያለ ቤት። አንዱን ብቻ ብታዩም ችላ አትበሉት። በርከት ብለው አንድ ላይ ካያችኋቸው ግን ስብሰባ አትጥሩ፤ ሰውን አስነሱ።

መሬት ለመገምገም ስትላኩ ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዴ በደረቁ፣ አንዴ ዝናቡ ሲከብድ። በደረቁ ብቻ የሄደ ባለሙያ አሸዋውን ሸለቆ አይቶ «ለገበያ ማዕከል ይመቻል» ብሎ ይጽፋል። አለቃችሁ «በጀት የለም» ካላችሁ የሁለተኛውን ጉዞ ወጪ ጎርፍ ከሚወስደው ግንባታ ዋጋ አጠገብ ጽፋችሁ አሳዩት። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ውሃ የሚቀዱትን እናቶች ቀድማችሁ አናግሩ። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደክም፣ ጎርፉ እስከ የትኛው ዛፍ እንደደረሰ ያውቃሉ። ያሳዩአችሁን ዛፍ ለክታችሁ ካርታው ላይ አስገቡት፤ የሚቀጥለው ባለሙያ ሲመጣ ከዚያ ይጀምር።