ኤል ፓሶ ውስጥ «የትሮስት ቤት» ልትገዛ ላሰብከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ኤል ፓሶ (ቴክሳስ) ውስጥ ያየኸው አሮጌ ቤት «የትሮስት ሥራ ነው»፣ ማለትም የታወቀው የድሮ አርክቴክት የሄንሪ ትሮስት ነው ተብሎ ዋጋ እንደተጨመረበት ጽፈሃል። በምን ላረጋግጥ ብለህ ጠይቀሃል። እኔንም እዚሁ ከተማ እንዲሁ ሊሉኝ ሞክረው ነበር።

1. ደላላውን ማስረጃ ጠይቀው። ሄንሪ ትሮስት በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከአሪዞናዋ ቱሰን መጥቶ ከወንድሙ ከጉስታቨስ ጋር ነው የሥነ ሕንፃ ቢሮውን የከፈተው። በኋላ የጉስታቨስ መንትያ ገባበት። አንዱ ጉስታቨስ አዶልፈስ፣ ሌላው አዶልፈስ ጉስታቨስ ይባላሉ፤ ወላጆቻቸው ስም ያለቀባቸው ይመስለኛል። ባለ 12 ፎቁ ሚልስ ሕንፃ የእነሱ ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኤል ፓሶ ግቢ ያለው ኦልድ ሜይን የሚባለው ሕንፃም የእነሱ ነው። የዚያን ጊዜው የትምህርት ቤቱ ዲን ሚስት የሂማላያዋን አገር የቡታንን ሕንፃዎች መጽሔት ላይ አይታ ወደደቻቸው፣ በ1917 በረሃው መሃል የሂማላያ ጣሪያ ቆመ። ከምዕራብ ቴክሳስ እስከ አሪዞና በመቶ የሚቆጠር ሕንፃ ስለሠሩ፣ ደላላ ወፍራም ግድግዳ ባየ ቁጥር «ትሮስት!» ይላል።

የኔው ደላላ «ሄንሪ ራሱ ነው የነደፈው» ብሎኝ ነበር። የግብር መዝገቡን ሳይ ቤቱ የ1936 ነው። ሄንሪ የሞተው በ1933! ይህን ስነግረው ምንም ሳያፍር «ፕላኑን ቀድሞ ሠርቶት ይሆናላ» አለኝ።

2. ፕላኑን ፈልግ። የከተማው ቤተ መጻሕፍትና ዩኒቨርሲቲው የድርጅቱን ወረቀቶች ይዘዋል። የመጀመሪያውን ባለቤት ስም ይዘህ ሂድ፤ ፕላን ላይ የሚጻፈው ያኔ ያሠራው ሰው እንጂ የዛሬው ሻጭ አይደለም።

3. ኪስህን የሚያራቁተው ግን ስሙ ሳይሆን ሰፈሩ ነው። ሰንሴት ሃይትስ ወይም ማንሃተን ሃይትስ ከሆነ ታሪካዊ ቀጠና ነው። ትሮስት ሠራው አልሠራው፣ የቤቱን ውጪ ለመንካት ፈቃድ ያስፈልጋል። የኔ ሻጭ የፊት ለፊቱን የእንጨት መስኮቶች ነቅሎ ፕላስቲክ ገጥሞ ነበር። ፈቃድ ነበረው ወይ ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል «ድረ ገጹ ላይ አለ» አለችኝ። ድረ ገጹ ላይ የለም። ተመልሼ ስሄድም ያው መልስ። እንደ ለማኝ ደጅ አስጠንታኝ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ሰምቶ ፋይሉን አወጣልኝ። ስለ መስኮት አንድም ፈቃድ የለበትም። ቅጂውን አስጽፌ ሻጩ ፊት ሳስቀምጠው ዋጋው ወረደ፣ «ትሮስት» የሚለውም ቃል ከዚያ በኋላ ከአፉ አልወጣም።

መስኮቶቹን እንደ ድሮው አስመለስኳቸው። አናጢው ፍሬሙን ሲከፍት መስኮቱን ወደ ላይ ሲገፉት በገመድ ተንጠልጥለው የሚያቀሉት የድሮዎቹ የብረት ክብደቶች ገመዳቸው ተበጥሶ ግድግዳው ውስጥ ወድቀው አገኘናቸው። ገመድ ብቻ ቀየርን። አሁን በአንድ እጅ ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ጎረቤቴ የሱንም ለማሠራት የአናጢውን ስልክ ወስዷል።

የተሠራበትን ዓመትና ሰፈሩን እዚሁ ጻፍልኝ፣ የት መጀመር እንዳለብህ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ቀብድ እንዳትሰጥ።