«ሙታንን ተዋቸው» ሲል ማንን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ጎረቤታችን ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ አይተናቸው አናውቅም። በሰንበት ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚያገለግል ጓደኛዬ «ጌታ ራሱ ሙታንን ሙታን ይቅበሯቸው ብሏል» ብሎ ከቀብሩ ቀረ። እኔ ሄድኩ፤ ቃሉ ግን ከልቤ አልወጣም። የሞተ ሰው እንዴት ይቀብራል? «አባትህንና እናትህን አክብር» ያለ አምላክስ ልጅን አባቱን እንዳይቀብር ይከለክላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሄድህ ደግ አደረግህ።

ቃሉ ማቴዎስ 8፥21-22 ላይ ነው። ጌታችን ወደ ባሕሩ ማዶ ሊሻገር ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ታንኳ ላይ ይወጣል። በዚህ መካከል አንድ ደቀ መዝሙር «አስቀድሜ እንድሄድ አባቴንም እንድቀብር ፍቀድልኝ» አለው። መልሱም «ተከተለኝ፥ ሙታናቸውንም እንዲቀብሩ ሙታንን ተዋቸው» ሆነ።

«ሙታን» ሁለት ጊዜ ቢነገርም ሞቱ አንድ አይደለም። ሞት መለየት ነው፤ ነፍስ ከሥጋ ስትለይ አንድ ሞት፣ ነፍስ ከእግዚአብሔር ስትለይ ሌላ ሞት። አዳም «ከእርሱ በበላህ ቀን ሞትን ትሞታለህ» ተብሎ ሳለ የኖረው 930 ዓመት ነው። በዚያው ቀን ያገኘው የነፍስ ሞት ነበር፤ የሥጋው ቆይቶ ደረሰ። የጠፋው ልጅም እሪያ ሲጠብቅ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ አባቱ ግን «ሞቶ ነበር» አለ። እንግዲህ ተቀባዮቹ በሥጋ የሞቱ፣ ቀባሪዎቹ በነፍስ የሞቱ ናቸው። በጓደኛህ አነጋገር ከሄድን ስድቡ ያረፈው በጎረቤታችሁ ላይ ሳይሆን ቀባሪ በሆንኸው በአንተ ላይ ነው! ይህን ያሰበበት አይመስለኝም።

ብዙዎቻችን ይህን ክፍል ስናስተምር ወደ ነፍስ ሞት እንሮጥና የደቀ መዝሙሩን አባት እንረሳቸዋለን። በእውነት ሞተው ነበር? በአይሁድ ልማድ ሬሳ አያድርም፣ በዕለቱ ይቀበራል። አስከሬን ቤት ጥሎ ባሕር ዳር የሚቆም ልጅ የለም። ስለዚህ ከመተርጉማን «አባቱ ገና በሕይወት ነበሩ፤ እስኪያርፉ ልጡራቸው ማለቱ ነው» ያሉ አሉ። እኛ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ «ጧሪ ቀባሪ» እንል የለ? የእኛ ሰው «አባቴን ልቅበር» ሲባል ከመቃብሩ በፊት ያሉትን የመጦሪያ ዓመታት አብሮ ይሰማል። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። እንዲያ ከሆነ የልጁ ጥያቄ የአንድ ቀን ፈቃድ አልነበረም፤ ቀጠሮ የሌለው ማቆያ ነበር።

ሞተው ነበር ብንልም ክብደቱ ያለው «አስቀድሜ» ላይ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲያስረዳ፣ ጌታ እንዲህ ያለው ወላጅን ማክበር እንዲናቅ ሳይሆን ከሰማያዊው ነገር የሚቀድም እንደሌለ ሊያሳይ ነው፤ አባቱን የሚቀብሩ ሌሎችም ነበሩ ይላል።

መቅበር የተናቀ ሥራ ቢሆን ኖሮ አብርሃም ለሣራ መቃብር 400 ሰቅል ብር ባልከፈለ ነበር። ጦቢት ለበዓል ከቀረበለት ማዕድ ተነሥቶ በአደባባይ የተጣለ የወገኑን ሬሳ አንሥቷል፤ መጽሐፍም ያመሰግነዋል። የጌታን ሥጋ የገነዙት ዮሴፍና ኒቆዲሞስንማ ማን ይነቅፋል?

አሁን ጓደኛህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። በሉቃስ ወንጌል የዚያ ደቀ መዝሙር ትእዛዝ «አንተ ግን ሄደህ የእግዚአብሔርን መንግሥት ስበክ» ብሎ ይቀጥላል። ከቀብሩ የቀረው ለመስበክ ነው? ወይስ ቤቱ ዋለ? ቤቱ ከዋለ በጥቅሱ የመጀመሪያውን እኩሌታ ብቻ ተጠቅሟል።

ስለ ሟቹ ነፍስ ደግሞ እኛ አንፈርድም። ሲስሙ አላየንም ማለት አልሳሙም ማለት አይደለም፤ በሌሊት ማን ያያቸዋል?

ድንኳኑ ፈርሶ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ይሆናል። ለቤተሰቡ የሚከብደው ይህ ጊዜ ነው። አርባቸው ሳይደርስ ጓደኛህን ይዘህ ሂድና ባለቤታቸውን «እግዜር ያጽናዎት» በሏቸው፤ ቡና ካፈሉም ሳትጠጡ አትውጡ።